መለዋወጫ ፍለጋ ናይሮቢ

እኛ የመተማ ቆላ ሰዎች ለብዙ ጥያቄ አንድ መልስ አለን። ወባ ነው። ራሱን ያመመው ወባ ነው፤ ሆዱን የቆረጠው ወባ ነው፤ ሰላምታ ያሳጠረ፣ ከዕድር የቀረ፣ ከሚስቱ የተኮራረፈ፣ ሁሉም ወባ ነው። አንድ የማውቀው ጎረምሳ የወደዳት ልጅ ሌላ አግብታበት ከአልጋ አልነሣም ቢል እናቱ የወባ ኪኒን አስዋጠችው፤ ደግሞም ተነሣ። እንግዲህ እናንተም ወደ ከተማችን ወደ ገንዳ ውሃ ብቅ ብላችሁ ሙቀቱ ትንሽ ቢያዞራችሁ ምርመራ ምናምን እያላችሁ አትድከሙ። ሻንጣችሁን ከአውቶቡስ የሚያወርድላችሁ ሰው ራሱ በሽታችሁን ይነግራችኋል።

ሌላው ልማዳችን ደግሞ ጥያቄ ነው። የቆላ ገበሬ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ሰሊጥ አስገባህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ቢጠየቅም «እግዜር ይመስገን» ብሎ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። የሰውን ጎተራ ይህን ያህል የሚያከብር ሕዝብ ግን ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ሲያይ ጨዋነቱ በአንዴ ይተናል። «ምነው ዘገያችሁ?» ይላል። መንገድ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ ከባጃጅ አንገቱን አስግጎ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይጠይቃል። የሚገርማችሁ መልሱን እንኳ አይጠብቅም። ጠይቆ ይሄዳል። ጥያቄውን ይዘው ቤት የሚገቡት ተጠያቂዎቹ ናቸው።

እኔ ገንዳ ውሃ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ባለቤቴ «መቀመጫው ላይ ጉንዳን አለ» እያለች ታማኛለች። ሱቄን እከፍታለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ገበያተኛ ቆሞ ሳለ የጎረቤቴን ሱቅ ዞሬ እመጣለሁ። እንዲህ ስቅበጠበጥ ደግሞ የሰው ነገር እግሬ ሥር ይገባል። ይህኛውን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው «አውራው፤ ሌላውም ይማርበት» ባይሉኝ ኖሮ ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን በያዝኩ ነበር።

ጋሻው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሰሊጥና ማሽላ ያመርታል፤ ትራክተሩም ስለሚያረጅ ደንበኛዬም ነው። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ንግግሯ አጭር፣ ሳቋ ረጅም የሆነ ሴት ናት። ከእነሱ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩት የጋሻው እናት እማማ እንጉዳይ ናቸው። እማማ እንጉዳይ ከደጋ በልጅነታቸው ተድረው የመጡ፣ ቁጥቋጦ መንጥረው መሬት ያቀኑ፣ ባላቸውን ቀብረው እርሻውን ያላስደፈሩ ሴት ናቸው። እሳቸው «ይሁን» ያሉት ይሆናል። እሳቸው «ይሁን» ብለው ያልሆነላቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የልጅ ልጅ።

ለዚያ ያልተሳሉበት ታቦት፣ ትርንጎን ያላስጠመቁበት ጠበል የለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ልጅ ካልመጣ ጠበል የሚገባው ሚስት ናት፤ ባል ፎጣ ይዞ ዳር ይቆማል። ትርንጎም ስትጠመቅ ኖረች፤ ጋሻውም ፎጣውን ሲይዝ ኖረ። በኋላ ሁለቱም ተደብቀው ተመረመሩ። ጋሻው በጎረምሳነቱ ይዞት የነበረው ጆሮ ደግፍ ወደ ታች ወርዶ ዘሩን አጥፍቶታል አሏቸው። ይህን የነገረኝ ሱቄ ውስጥ፣ የተደረደረውን የትራክተር ጎማ ተደግፎ ነው። «ስንት ዓመት በከንቱ በቀዝቃዛ ውኃ አስመታኋት» አለና ፊቱን አዞረ።

ሐኪሞቹ መፍትሔ አለ ብለዋቸው ነበር። የሌላ ሰው ዘር ተወስዶ፣ ተመርምሮ፣ በሐኪም እጅ ለሚስት ይሰጣል። ሰጪው ማን እንደሆነ አይነገርም። እዚህ እንዲህ ያለው ነገር አይደረግም ስለተባሉ ናይሮቢ ሊሄዱ ቆረጡ። ግን የገንዳ ውሃ ሰው ባልና ሚስት ሆኖ፣ ሰሊጡ ተሽጦ ሳያልቅ፣ ናይሮቢ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ የእኔ ሙያ አስፈለገ። «የትራክተር መለዋወጫ፣ የናፍጣ ፓምፕ ሊያመጡ ነው» ብዬ አስወራሁ። ትርንጎ ለምን አብራ እንደምትሄድ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የጠየቀው የፓምፑን ዋጋ ነው። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱማ ጉድ ፈላ። ደንበኛ ሁሉ «የናይሮቢውን ፓምፕ አሳየኝ» እያለ ሱቄን ሲያጣብበው ከመደርደሪያዬ አንዱን አቧራውን ጠርጌ «ይኸውና» አልኩ። አንድ ገበሬ እንዲያውም ገጥሞት ሲያበቃ «የኬንያ ዕቃ እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ መርቆኛል።

ጋሻው ናይሮቢ ደርሶ ያሳየውን ጠባይ ትርንጎ ናት የነገረችኝ። ገበሬ ነውና ዘር ሲባል የሚጠይቀውን ያውቃል። በአስተርጓሚ አድርጎ ሐኪሟን «ይኸ ሰው ቆላ ይችላል?» አላት። «ወባ ላይ እንዴት ነው?» አላት። ሐኪሟ ሣቀች፤ ግን ንቃ አልሳቀችም። በዚህ መንገድ የተወለዱ ልጆች እንደ ማንኛውም ልጅ ተወልደው እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋሉ፤ ስለ እነሱ አትጨነቅ አለችው። «ብትጨነቅ ስለ እናትየዋ ተጨነቅ። ሰውነቷ ለምዶት የማያውቀው ዘር ስለሆነ፣ በእርግዝናው መጨረሻ የደም ግፊት ከሌሎች ሴቶች ትንሽ በዛ ብሎ ሊነሣባት ይችላል። ክትትል አይቋረጥ። ፊቷ ካበጠ፣ ራሷን ከፈለጣት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ደግሞ ሰዓት አትፍጁ።» ጋሻው ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞ ተመለሰ።

ትርንጎ አረገዘች። እማማ እንጉዳይ ስለቱ ሠመረ ብለው እልል አሉ፤ ወዲያውም የእርግዝናው አዛዥ ሆኑ። ውኃ እንዳታነሣ፣ ፀሐይ እንዳይነካት፣ ዓይን እንዳይበላት ብለው ከግቢ መውጣት ከለከሏት። መጀመሪያ መጀመሪያ ጎንደር ለክትትል ይወስዷት ነበር። ከዚያ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ መሆን ጀመረ፤ መኪናም በአጀብ ካልሆነ አይሄድም ተባለ። ገንዳ ውሃ ካለው ሆስፒታል እንኳ እንዳይወስዷት «ኮረኮንቹ ያስወርዳታል» የሚሉ እማማ እንጉዳይ በር ላይ ነበሩ። ጋሻው ይነታረክና ይተወዋል። ግራ የሚያጋባው እኮ ይኸ ነው፤ ለምን እንደሚፈራ እንዳይናገር ምስጢሩን ይነካል፤ ምስጢሩን ካልነካ ደግሞ ፍርሃቱ የሰነፍ ባል ጭንቀት ይመስላል።

ነገሩ የመጣው በሰሊጥ አጨዳ ወራት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ከሰዓት በኋላ ነው። ለጋሻው ትራክተር የሞተር ቀበቶውን፣ ቺንጋውን፣ በመኪናዬ አድርሼ ልመለስ ግቢያቸው ጎራ አልኩ። ትርንጎ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንገረብ በምንለው በገመድ በተጠለፈው የሱዳን አልጋ ላይ ተጋድማለች። ፊቷን ሳየው ደነገጥኩ። አብጧል። እማማ እንጉዳይ አጠገቧ ትንሽ በርጩማ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ያራግቡላታል፤ በሌላው ኪኒን ይዘዋል። ጋሻው ከኒሙ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ኒሙ ይመላለሳል። እኔም መጥቼ አብሬው መመላለስ ጀመርኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

«ራሴን ሊፈነክተኝ ነው» አለች ትርንጎ። «ዓይኔ ላይ ትንኝ የመሰለ ነገር ይበራል።»

«ወባ ነው» አሉ እማማ እንጉዳይ። «ዋጭ የኔ ልጅ።»

«እማየ፣ ግፊቷን እናስለካት» አለ ጋሻው።

«ምኗን?»

«የደም ግፊቷን።»

«የደም ግፊት የሹማምንት በሽታ ነው። እች ልጅ ምን ሹመት አላት?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ጋሻው እንደገና ለመነ። እማማ እንጉዳይ ዱካቸውን ይዘው ሄዱና የግቢው በር መሐል ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት። «ይህን የስለት ልጅ በኮረኮንች አናውጠህ ልታስወርድብኝ ነው? ስንት ታቦት የለመንሁበትን?» አሉ። ጋሻው ወደ እኔ አየ። እኔም ጓደኛ አይደለሁ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማማ፣ ጎንደር ያለ አንድ ሐኪም ሲናገር እንደ ሰማሁት ከሆነ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ ስለ ሰው ማሕፀን ከመቼ ወዲህ ነው? ፓምፕህን ሽጥ!»

አጥሩ ጋ ምልልሴን ቀጠልኩ። ያኔ ነው ትርንጎ በክርኗ ተደግፋ ቀና ያለችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማነው።

«ጋሻው፣ ንገራቸው። ዓይኔ እየጠፋ ነው።»

ምስጢሩ ከጋሻው ይልቅ ለእሷ የሚከብድ መስሎኝ ነበር። የባሏን እናት ፊት ለፊት እያየች «የሆዴ ልጅ ከልጅዎ አይደለም» የምትለው እሷ ናትና። ግን ሞትን ያየ ሰው ሐሜትን አይፈራም። ጋሻው እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለና ነገራቸው። ጆሮ ደግፉን፣ ምርመራውን፣ ናይሮቢን፣ የማይታወቀውን ሰው፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ። ቃላቱ እየተጋፉ ነበር የሚወጡት። ሲጨርስ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ። እማማ እንጉዳይ ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። ፊታቸውን ማንበብ ሞክሬ አቃተኝ።

«ጨረስህ?» አሉት።

«አዎ እማየ።»

«እና ይኸን ለመናገር ነው እስከ አሁን ልጅቱን እዚህ ያስተኛኻት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብየ አላሳደግሁህም? ተነሥ፣ አንሣት!» ዱካውን በእግራቸው ገፍተው ጣሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትገተራለህ? መኪናህን አታዞርም?»

አዞርኩ። ያንን ኮረኮንች ስነዳው እንቁላል የጫንኩ ያህል ተጠንቅቄ፣ ያም ሆኖ የመጨረሻ ፈጥኜ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ የትርንጎን ክንድ አስራ ለካች። ከዚያ ሌላውን ክንድ ለካች። ፈገግታዋ ጠፋ። የወባ ምርመራውም ተሠራ፤ ወባ የለባትም። ግፊቱ ግን ከልክ አልፏል። ወዲያው መርፌ ተወጋች፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ጎንደር ሪፈር ተባለች። ጋሻው አንዴ አፉ ተከፍቷልና መዝጋት አልቻለም። ነርሷ ሳትጠይቀው ናይሮቢን ተረከላት። ለሐኪሙ ተረከ። ለዘበኛው ሊተርክ ሲል ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

አምቡላንሱ የሚይዘው አንድ አስታማሚ ብቻ ነበር። ጋሻው ሊገባ እግሩን ሲያነሣ እማማ እንጉዳይ በክንዳቸው ገፋ አድርገው ቀደሙት። «ውረድ! አንተ ስለ መውለድ ምን ታውቃለህ?»

ካሉ በኋላ ቃላቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ሁላችንም ደነገጥን። እማማ እንጉዳይ እጃቸውን ዘረጉና የልጃቸውን ጉንጭ ነካ አደረጉት። በሩ ተዘጋ።

በእኔ መኪና ተከተልናቸው። ብዙም ሳንርቅ ኬላ ላይ አስቆሙን። አምቡላንስ ያልፋል፤ የግል መኪና በአጀብ ካልሆነ አያልፍም፤ አጀብ ደግሞ የሚነሣው ነገ ነው። ስልክ እንደውል ብንል ኔትወርክ የለም። እንግዲህ እኔንና ጋሻውን አስቡን፤ አንዱ መቀመጥ የማይችል፣ ሌላው መቀመጥ ያልቻለ። መኪናዋን ስንዞራት አደርን። የኬላው ጠባቂ መጀመሪያ ተጠራጠረን፤ በኋላ አዘነልንና ውኃ ሰጠን።

«የፈራሁት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ ጋሻው። «ሐኪም አላት። መርፌ ወግተዋታል። እማየ ግን ከሷ ጋር ብቻቸውን ናቸው። አሁን እዚያ ውስጥ ምን እያሏት ይሆን?»

መኪናዋን እንደገና ዞርኳት። ሐኪሞች የእናትን ግፊት ይለካሉ፤ የልጅን ክብደት ይመዝናሉ፤ ጊዜው ደረሰ አልደረሰ ብለው ወሩን ይቆጥራሉ። ጥሩ ያደርጋሉ። ግን አማት ከምራቷ ጋር በተዘጋ መኪና ውስጥ ምን ትላታለች የሚለውን የሚለካ መሣሪያ አላየሁም። እሱም የወሊዱ ውጤት ነው፤ የሚወለደው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖርበት።

በማግሥቱ ኔትወርክ ብልጭ ሲል የመጀመሪያው ጥሪ የእማማ እንጉዳይ ነበር። ስልክ ሲይዙ በስልኩ ሳይሆን በአየሩ በኩል የሚያሰሙ ይመስል ይጮኻሉ። «ሴት ናት! በቀዶ ጥገና ነው! ከጊዜዋ ቀድማ ትንሽየ ናት ግን ታለቅሳለች፣ ኧረ ታለቅሳለች! እናትየዋም ዓይኗ በርቶላታል!» ጋሻው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና መንገዱ ዳር ተቀመጠ። በሁለት ቀን ውስጥ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በመንገድ ምን እንዳሏት ትርንጎ ቆየት ብላ ነገረችን። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት።

«ናይሮቢም እንዲህ ይሞቃል?»

«አይሞቅም እማማ። ነፋሻ ነው።»

«እንግዲያማ ልጁ እስኪለምደው ይቸገራል» አሉ። «ማራገቢያ ግዙለት።»

ሕፃኗ ሎሚ ተባለች። ስም ያወጡት አያቷ ናቸው። አያት እንጉዳይ፣ እናት ትርንጎ፣ ልጅ ሎሚ፤ ጋሻው «ቤቴ አትክልት ተራ ሆነ» እያለ ያማርራል፤ ሲያማርር ግን ጥርሱ አይከደንም። ጠያቂው ጎረፈ። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ አራስ ጠያቂ ልጅ ሲያቅፍ መጀመሪያ የሚፈልገው ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን፣ የእግሯን ጣት ነው። ማንን መሰለች? ጋሻው ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ውኃ ሊያመጣ ይወጣል። እማማ እንጉዳይ ግን ሴቶቹን ጥያቄውን አያስጨርሷቸውም። «እኔን! ዓይን የለሽም?» ይላሉ። እሳቸውን አትመስልም የሚል ሰው ገንዳ ውሃ ውስጥ እስከ አሁን አልተወለደም።

ክርስትናዋ በተነሣ ማግሥት ሦስታችንንም ጠሩን፤ ጋሻውን፣ ትርንጎንና እኔን። ሎሚን ታቅፈዋል። ፊታቸው የሽምግልና ፊት ነው። ጋሻው ቀለሙ ተለወጠ። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፤ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ብለው ይዘውት ነው፤ ፍርዱ ዛሬ ሊወርድ ነው።

«አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል» አሉ። «ያ ሰውየ ሌላም ልጅ ይኖረዋል?»

«ሊኖረው ይችላል፣ እማየ።»

«ስሙ አይታወቅም?»

«አይነገርም።»

«አገሩስ? ዘመዶቹስ?»

«አይነገርም እማየ። ደንቡ ነው።»

እማማ እንጉዳይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭንቀታቸው ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሙሽራውም ሙሽሪትም አያት ቅድመ አያት ብለው እስከ ሰባት ይቆጥራሉ፤ በመሐል አንድ ስም ከገጠመ ዘመድ ናቸውና ሠርጉ ቀረ። ሴትየዋ የጨነቃቸው ሎሚ የማን ልጅ ናት የሚለው አልነበረም። እሱን ዱካውን የገፉት ዕለት ጨርሰውታል። የጨነቃቸው ማንን ታገባለች ነው።

«በአባቷ በኩል ሙሉ ነው» ብለው በጣታቸው ጀመሩ። «ጋሻው፣ ብሎ አያሌው፣ ብሎ ተገኘ...» እስከ ሰባተኛው ወረዱ፤ አንዱንም አልዘለሉም። ጋሻው የራሱን ስም መጀመሪያ ላይ ሲሰማ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፣ እንባው ወረደ። እሳቸው አላዩትም ወይም እንዳላዩ ሆኑ። «በእናቷም በኩል ሙሉ ነው። በዚያ በሦስተኛው በኩል ግን አንዱንም አናውቅም። ስለዚህ ተቆርጧል። ኬንያ በሙሉ ዘመዳችን ነው። ከኬንያ አታገባም።»

ትርንጎ ያን ረጅም ሳቋን ለቀቀችው። እማማ እንጉዳይ አልሳቁም። ነገሩን ዳር እስኪያደርሱ አያርፉምና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ትዞራለህ፤ አገር ታውቃለህ። ሰው እንደሆነ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ድንበር ይሻገራል። ከኬንያ ጋር የሚዋሰነው አገር ማነው? እሱንም እንከልክል።»

«አንደኛው እኛ ነን፣ እማማ» አልኳቸው።

እማማ እንጉዳይ ሎሚን ወደ ደረታቸው አጥብቀው አስጠጓት።

«ታዲያ እች ልጅ ማንን ልታገባ ነው?»